በአማርኛ ሲከፈት ብቻ የሚዘጋው ፕሮግራም፦ የአንድ የትርጉም ፋይል ጉዳይ ጥናት

ስልኩ የተደወለው ቅዳሜ ማታ ነው። የሠርግ ሰሞን ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የጫንክልኝ ነገር ካርዱን ሳስገባለት እልም ይላል። ሙሽሮቹ ማክሰኞ ፎቶ ሊመርጡ ይመጣሉ።»

ደዋዩ ፎቶ ቤት ያላቸው የሰፈራችን ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ፊልም በጨለማ ክፍል ከሚታጠብበት ጊዜ ጀምሮ ሙያው ላይ አሉ። ኮምፒውተር አይፈሩም፤ ግን አያምኑትም።

ፕሮግራሙ ትንሽ ነው። ከካሜራ ሚሞሪ ካርድ ፎቶ ይለቅማል፣ ይቆጥራል፣ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል። በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ነው። ስሙን ልለፈው። ወደ አማርኛ የመለስነው ሦስት ሆነን ነው። ኮዱን የሚነካካው ልጅ አለ፣ ተርጓሚዋ አለች፣ መሐል ላይ ሆኜ ፋይል የማቀባብለው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከታች በምተርከው ጥፋት ውስጥ የእኔም እጅ አለበት።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት፦ ትእዛዞቹንና ኦፕሽኖቹን እዚህ የጻፍኳቸው በምንጠራቸው ድምፅ ነው። ተርሚናል ላይ ግን የላቲን ፊደል ናቸው፤ ይሄን ገልብጦ ኮማንድ ላይን ላይ የሚለጥፍ ሰው ካለ አይሠራለትም።

እሑድ ጠዋት ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ጋሼ ካርዱን ሰኩ። መስኮቱ ተከፈተ፣ መቁጠር ጀመረ፣ ድርግም። ተርሚናል ላይ ሳስነሳው የቀረልን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሴግሜንቴሽን ፎልት»፣ ማለትም ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን የሚሞሪ ቦታ ሊነካ ሄዶ ተገድሏል። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሬ አስነሳሁት። ያው ካርድ፣ ያው ኮምፒውተር፤ ቁጭ ብሎ ፎቶውን ይለቅማል። መለስኩት ወደ አማርኛ። ድርግም።

«ፎንቱ ነው» አሉ ጋሼ።

አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር ከኮምፒውተር ጋር የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፎንት ነው። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን አንዱ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ቤት ሲከፈት ዝባዝንኬ ይሆን ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት በአንድ ላይ የሚመዘግበው ስታንዳርድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ቢሆንም ጥርጣሬው አብሮን ቀርቷል። ግን ፎንት ሲጠፋ ባዶ ሳጥን ነው የሚታየው። ፕሮግራም አይገድልም።

የእኔ ጥርጣሬ ትንሽ የተማረ መሰለኝ። ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ነው። ፕሮግራመሩ ለመልእክቱ 64 ባይት ብቻ መድቦ ከሆነ ገና 21 ፊደል ላይ ይሞላል፤ ከዚያ ያለፈው የሌላ ዕቃ ላይ ይፈስሳል። ጥሩ መላ ምት ነው አይደል? ግማሽ እሑዴን በላብኝ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ እንደዚያ ያለ ጠባብ ቦታ የለም።

ፍንጩን የሰጡን ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ሳያስቡት። እኔ ኮድ ሳነብ እሳቸው ሌላ ካርድ ሰኩ። አዲስ፣ ባዶ ካርድ። ፕሮግራሙ አልተዘጋም! እንዲህ የሚል ነገር ጻፈ፦ «(ነል) ውስጥ» ይልና አንድ ረጅም ቁጥር፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ፣ ከዚያ «ፎቶዎች ተገኝተዋል»።

«ቢሊዮን ሠርግ ነው እንዴ ያነሳሁት?» አሉ።

ደግመን አስነሳነው። ቁጥሩ ተቀየረ። ሦስተኛ ጊዜ ስናስነሳው ኔጌቲቭ ሆነ። ባዶ ካርድ ውስጥ ከዜሮ በታች ፎቶ። እዚህ ላይ ነው ኮዱን ትቼ ትርጉሙን ማየት እንዳለብኝ የገባኝ።

ማሽኑ የሚያነበው ፋይል

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገረው። ጌትቴክስት በሚባለው ዘዴ ትርጉም ሁለት መልክ አለው። ሰው የሚጽፈው ፒኦ ፋይል ይባላል። ተራ ጽሑፍ ነው፤ እንግሊዝኛው ከላይ፣ አማርኛው ከሥር። ፕሮግራሙ ግን ይሄን አያነብም። እሱ የሚያነበው ኤምኦ የሚባለውን ባይነሪ ፋይል ነው። ፒኦውን ወደ ኤምኦ ኮምፓይል የሚያደርገው መሣሪያ በላቲን ስድስት ፊደል ነው፦ ኤም፣ ኤስ፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ኤም፣ ቲ። እኛ መሴጅፎርማት እንለዋለን።

ኤምኦ ፋይል ውስጡ ሲታይ ደስ ይላል። መጀመሪያው ላይ 0ኤክስ950412ዲኢ የሚል መታወቂያ ቁጥር አለ። መግቢያው 28 ባይት ነው፦ ሰባት ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው 4 ባይት። ስንት መልእክት እንዳለ፣ የእንግሊዝኛው ዝርዝር የት እንደሚጀምር፣ የአማርኛው የት እንደሆነ ይናገራሉ። የእንግሊዝኛ መልእክቶቹ በፊደል ተራ ተደርድረዋል፤ ፕሮግራሙ እንደ መዝገበ ቃላት መሐሉን ገልጦ ይፈልጋል። ከዚያ ሌላ የሃሽ ሠንጠረዥ ይጨመርበታል፣ ፍለጋው እንዲፈጥን። ያንን የማይፈልግ «--ኖ-ሃሽ» ይላል። የሚፈለገው መልእክት ካልተገኘ እንግሊዝኛው እንዳለ ይወጣል። እዚህ ውስጥ ማንንም የሚገድል ነገር የለም።

የሚገድለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጽሑፉ ውስጥ ቦታ ያዥ ምልክቶች አሉ። %ዲ ማለት «እዚህ ቁጥር ይግባ» ነው። %ኤስ ማለት «እዚህ ጽሑፍ ይግባ»። ፕሪንትኤፍ የሚባለው የሲ ተግባር ምልክቶቹን በተራ እየተቀበለ የተሰጠውን ይሞላል። ማለትም የትርጉም ፋይል ተራ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2000 ይሄው ነገር በብዙ ዩኒክስ ሲስተሞች ላይ የደህንነት ቀዳዳ ሆኖ ተገኝቶ ነበር፤ ተራ ተጠቃሚ የራሱን የመልእክት ፋይል ለባለ ሙሉ ሥልጣን ፕሮግራም እያቀበለ የፈለገውን ያስደርገው ነበር። የእኛው ጉዳይ ከዚያ አንጻር የዋህ ነው።

መሴጅአንፎርማት የሚባል መሣሪያ አለ፤ ኤምኦውን መልሶ ወደ ፒኦ ይፈታል። የጋሼን ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፈታሁት። ያቺ መስመር ይኸውላችሁ። እንግሊዝኛው «ፋውንድ %ዲ ፎቶስ ኢን %ኤስ» ይላል። ቁጥር መጀመሪያ፣ ፎልደር ቀጥሎ። አማርኛው፦ «%ኤስ ውስጥ %ዲ ፎቶዎች ተገኝተዋል»።

እንዴት ያለ ጥሩ አማርኛ ነው! ተርጓሚዋ ያጠፋችው ቋንቋ የለም። በአማርኛ ቦታው ይቀድማል፣ ግሱ ይከተላል። «248 ፎቶዎች ተገኝተዋል ካርዱ ውስጥ» ብትል ኖሮ ተራው ይጠበቅ ነበር፣ ግን ማን እንደዚያ ይናገራል?

ፕሪንትኤፍ ግን አማርኛ አይሰማም። ኮዱ በመጀመሪያ የሚያቀብለው ዕቃ የፎቶው ብዛት፣ ለምሳሌ 248፣ ነው፤ የመጀመሪያው ምልክት ደግሞ %ኤስ ሆኗል። ለ%ኤስ የሚሰጠው የጽሑፉ አድራሻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ 248ን እንደ ቤት ቁጥር ወሰደውና እዚያ ሄዶ ሊያነብ ተነሳ። በዚያ ቁጥር ቤት የለም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንገቱን ይዞ አስወጣው። ባዶው ካርድ ለምን እንደተረፈም አሁን ግልጽ ነው። ቁጥሩ 0 ነበር፤ አድራሻ ዜሮ ሲሰጠው የሊኑክሱ ጂሊብሲ (ፕሪንትኤፍን የያዘው ላይብረሪ) «(ነል)» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ቢሊዮኑ ፎቶ ደግሞ የፎልደሩ ስም የተቀመጠበት አድራሻ ነው፣ እንደ ቁጥር ተነብቦ። አድራሻው ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ስለሚቀያየር ነው ቁጥሩ የሚዘልለው።

ታዲያ ኮምፓይለሩ የት ነበር?

ኮዱን ለሚነካካው ልጅ ደወልኩለት። የምንጠቀምበትን መስመር አንብብልኝ አልኩት። መሴጅፎርማት፣ «-ኦ»፣ የኤምኦው ስም፣ የፒኦው ስም። በቃ።

«ቼክ የለውም እንዴ?»

«ነበረው። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ሄደሩ ሲያጉረመርምብኝ አወጣሁት።»

ያጉረመረመው ፒኦው አናት ላይ የተርጓሚ ስም፣ ኢሜይል ምናምን የሚሞላበት ቦታ ከአብነቱ (ተርጓሚ ከሚነሳበት ያልተሞላ ፋይል) እንደመጣ ስለቀረ ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ ሁላችንም ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ድምፁን እንዘጋለን። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ጋ ነው። መሴጅፎርማት ካልጠየቁት የምልክቶቹን ተራ አይመረምርም። ቅንፍና ጥቅስ በትክክል እስከተዘጋ ድረስ የተሰጠውን ወደ ባይነሪ ይለውጣል። «ኮምፓይል አደረገ» ማለት «ልክ ነው» ማለት አይደለም። ምርመራውን የሚያስነሳው «-ሲ» ነው፣ በረጅሙ «--ቼክ»። ሦስት ምርመራ በአንድ ላይ ነው፦ «--ቼክ-ፎርማት» ምልክቶቹን፣ «--ቼክ-ሄደር» አናቱን፣ «--ቼክ-ዶሜይን» ደግሞ የዶሜይን መመሪያዎች (ፒኦው ውስጥ ሆነው የውጤቱን ፋይል ስም የሚወስኑ መስመሮች) የውጤቱን ስም ከሚሰጠው «-ኦ» ጋር መጋጨታቸውን ያያል። ሄደሩ የሰለቸው ሰው «--ቼክ-ፎርማት»ን ብቻ ለይቶ መጥራት ይችላል። ልጁ የሰለቸውን ሲያወጣ የሚጠቅመውንም አብሮ ጣለው… እንተወው፣ ነገሩ አልፏል።

የሚገርመው የጌትቴክስት የራሱ አብነት ሜክፋይል (ፕሮግራም የሚገነባበት የትእዛዝ ዝርዝር) ይሄን አይዘልም። እዚያ ውስጥ ያለው መስመር «-ሲ --ስታቲስቲክስ --ቨርቦዝ» ይልና በጊዜያዊ ስም ኮምፓይል ያደርጋል፤ ከተሳካ ብቻ ስሙን ቀይሮ በቦታው ያስቀምጠዋል። የእኛ በእጅ የተጻፈ ስክሪፕት ስለነበር ያን ሁሉ ጥንቃቄ አልወረስንም።

አንዲት የፊደል ወጥመድም አለች። ትንሿ «-ሲ» እና ትልቋ «-ሲ» አንድ አይደሉም። ትልቋ ከድሮው የኤክስ-ኦፕን (የዩኒክስ ስታንዳርድ ያወጣ የነበረ ማኅበር) መሣሪያ ጋር ይጣጣም እንደሆነ ነው የምትመረምረው፤ ስለ %ዲ ደንታ የላትም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ነው መሰለኝ፣ እኛ ቤት በስልክ «ሲ ጨምርበት» ሲባል የትኛዋ እንደሆነች መጠየቅ ግድ ነው።

ደስ ብሎኝ «-ሲ»ን ጨምሬ ኮምፓይል አደረግኩ። አሁን ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ።

ዝም።

ስለ ሄደሩ ትንሽ አጉተመተመ፤ ስለ ምልክቶቹ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ኤምኦውን አወጣ፤ ፕሮግራሙን አስነሳሁት፤ ድርግም።

እውነት ለመናገር ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። መርማሪው ራሱ አይቶ አለፈው። ምክንያቱን ያገኘሁት ፒኦውን በጽሑፍ አርታዒ ከፍቼ ሳየው ነው። ከእያንዳንዱ ባለ ምልክት መልእክት በላይ «ሲ-ፎርማት» የሚል ባንዲራ፣ ማለትም «ይሄ መልእክት የፕሪንትኤፍ ምልክት አለበት» የሚል መለያ፣ ያለበት የኮሜንት መስመር መኖር ነበረበት። አንድም የለም። መሴጅፎርማት ያ ባንዲራ ያለበትን መልእክት ብቻ ነው የሚመረምረው። ባንዲራ ከሌለ % ተራ ምልክት ነው፤ የባንክ ወለድ ሊሆን ይችላል።

ባንዲራዎቹን ማን አወረዳቸው? እኔ። ተርጓሚዋ ፒኦ ፋይል አይመቸኝም ስላለችኝ ወደ ኤክሴል ቀይሬ ላክሁላት። ሁለት ዓምድ፤ እንግሊዝኛና አማርኛ። ስትመልስልኝ መልሼ ፒኦ አደረግሁት። ኮሜንቶቹ በመንገድ ቀሩ። እሷ በዚያ ሁለት ዓምድ ውስጥ ተራ መጠበቅ እንዳለበት የሚነግራት አንድም ነገር አልነበረም።

ፈዚ የሚባለው ድልድይ

ባንዲራዎቹን በእጅ መትከል አይቻልም አይባልም፣ ግን ይሰለቻል። ኤክስጌትቴክስት የሚባለው መሣሪያ የሚተረጎሙትን መልእክቶች ከኮዱ ሲለቅም ያወጣው አብነት ፋይል ላይ ሁሉም አለ። መሴጅመርጅ የሚባለው መሣሪያ አብነቱንና የእኛን ፒኦ ያዋህዳል፤ ባንዲራውን ከአብነቱ ይወስዳል። ያንን አደረግኩ።

እዚህ ላይ መሴጅመርጅ አንድ ብልህ ነገር ይሠራል። ባንዲራው አዲስ የመጣበት መልእክት ምርመራውን የማያልፍ ከሆነ ራሱ «ፈዚ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ፈዚ ማለት «ይሄን ሰው ይየው፣ እርግጠኛ አይደለሁም» ነው። መሴጅፎርማት ደግሞ ፈዚ የሆነውን ኤምኦው ውስጥ አያስገባም። ስለዚህ «-ሲ --ስታቲስቲክስ» ብዬ ስጠራው አሁንም ጩኸት የለም፤ ግን ቆጠራው ተቀየረ። ቀድሞ ሁሉም ተተርጉሟል ይል የነበረው አሁን 4 ፈዚ አለ አለኝ።

ይሄ ብቻውን የጋሼን ማክሰኞ አዳነ። እነዚያ 4 መልእክቶች በእንግሊዝኛ ይወጣሉ፣ ፕሮግራሙ ግን አይዘጋም። የዚያኑ ማታ ጫንኩላቸው። ቢያንስ መጫኔ መሰለኝ! «-ኦ»ን ረስቼ ነበር። የውጤቱን ስም ካልነገሩት መሴጅፎርማት «መሴጅስ.ኤምኦ» ብሎ ቆመን ያለንበት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፕሮግራሙ የድሮውን እያነበበ ሲዘጋብኝ ግማሽ ሰዓት ራሴን ስጠራጠር ቆየሁ።

ኮዱ ላይ ያለው ልጅ በነጋታው እንግሊዝኛውን አይቶ ቅር አለው። «--ዩዝ-ፈዚ ጨምርበት፣ ሁሉም በአማርኛ ይውጣ» አለኝ። እንዲህ ያለ ምክር በየቦታው ይሰጣል። ያ ኦፕሽን ፈዚዎቹንም ጭምር ወደ ኤምኦው ያስገባል፤ ማለትም ያቺን ገዳይ መስመር መልሶ ያመጣታል። መሴጅመርጅ በግምት ያጣመራቸውም አብረው ይገባሉ። «ፋይሉን አጥፋ» የሚል የድሮ ትርጉም «ፋይሎቹን ሁሉ አጥፋ» በሚል አዲስ እንግሊዝኛ ሥር ተለጥፎ ቢገኝ አይግረማችሁ። ለሚላክ ነገር «--ዩዝ-ፈዚ»ን በፍጹም አልጠቀምም።

ለምርመራ ግን ወርቅ ነው። «-ሲ --ዩዝ-ፈዚ -ኦ ዴቭ-ነል» ብላችሁ ጥሩት። ውጤቱ የትም አይቀመጥም፤ ፈዚዎቹ ግን ምርመራ ውስጥ ይገባሉ። እንግዲህ ያኔ ጮኸ። በመስመር ቁጥር እየጠራ፣ የእንግሊዝኛውና የአማርኛው አንደኛ ዕቃ ዓይነታቸው አይገጥምም አለ። አራቱንም።

ለተርጓሚዋ ዝርዝሩን ላክሁላት። ደወለችልኝ።

«ተራው እንዳለ ይቀመጥ ካልከኝ አማርኛው ይበላሻል» አለች።

«አይበላሽም፣ ቁጥር ስጪያቸው።»

%1$ዲ ማለት «አንደኛውን ዕቃ፣ ቁጥር አድርገህ» ማለት ነው። %2$ኤስ «ሁለተኛውን፣ ጽሑፍ አድርገህ»። ስለዚህ መስመሩ «%2$ኤስ ውስጥ %1$ዲ ፎቶዎች ተገኝተዋል» ሆነ። አማርኛው አንድ ፊደል አልተነካም። ሕጉ አንድ ነው፤ ለአንዱ ቁጥር ከተሰጠ ለሁሉም መሰጠት አለበት። እሷ በመጀመሪያው ሙከራ አንዷን ረስታ ነበር፤ ማደባለቅ አይቻልም ብሎ «-ሲ» ያዘላት።

«ይሄን ማን ይነግረኛል?» አለች። ልክ ናት። ግሱ መጨረሻ የሚቀመጥበት ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ይሄን የዶላር ምልክት በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ነበረበት። ኤክሴሉን ስልክላት አብሬ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ስክሪፕቱ አሁን መጀመሪያ መሴጅመርጅን ይጠራል፤ ከዚያ «-ሲ --ስታቲስቲክስ»፤ ጥፋት ካለ ቀጥ ይላል። ሄደሩንም ሞላነው፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ሄደሩን ስንሞላ አንድ ነገር ተገኘ። የብዙ ቁጥር ቀመራችን ከእንግሊዝኛው የተገለበጠ ነበር፤ «ኤን ከ1 የተለየ ከሆነ ብዙ ቁጥር» ይላል። በዚያ ስሌት 0 ብዙ ቁጥር ነው። በአማርኛ ግን 0 ከ1 ጋር ነው የሚሄደው፤ ዩኒኮድም ለአማርኛ የመዘገበው እንደዚያ ነው። ትክክለኛው «ኤን > 1» ነው። ይሄን «-ሲ» አይነግራችሁም። እሱ የሚያየው ቀመሩ መኖሩንና የተባለው ያህል ትርጉም መሰጠቱን ነው፤ አማርኛ አያውቅም።

አዲሱን ኤምኦ ለመጫን ሐሙስ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ጋሼ ያንኑ ባዶ ካርድ አውጥተው ሰኩት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ፦ «ካርድ ውስጥ 0 ፎቶ ተገኝቷል»።

«ባዶ መሆኑንማ አውቄ ነው ያስገባሁት» አሉና የሠርጉን ካርድ ከኪሳቸው አወጡ።